የመሪጌታ እንግሊዝኛ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ መምህር እንዳላማው ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ግማሹን በሳሙና አረፋ እንደሸፈነ የልጁን ድምፅ ከጎረቤት ግቢ ሰማ። መስታወቱን ቆርቆሮ አጥሩ ላይ በሽቦ አንጠልጥሎ ነበር የሚላጨው። አጥሩ ደግሞ ምሥጢር መያዝ አያውቅም፤ ወዲያ ማዶ ሰው ሲያስነጥስ ወዲህ ሆነው ይማርህ ይሉታል። መጀመሪያ የሰማው የብዙ ልጆችን ድምፅ ነው። በየቅዳሜው የለመደው ስለሆነ ጆሮ አልሰጠውም። ልጆቹ በቅኔ ቤት ግስ እንደሚወርድበት ዓይነት፣ ከፍ ዝቅ በሚል ዜማ፣ «ጉድ ጥሩ፣ ቤተር የተሻለ፣ ቤስት ከሁሉ የተሻለ» ይላሉ። ከዚያ ሁሉም ዝም አሉና አንዲት ልጅ ብቻዋን ተቀበለች። «ባድ መጥፎ፣ ዎርስ የባሰ፣ ዎርስት ከሁሉ የባሰ!» አለች፤ ሳትደናቀፍ፣ ሳትፈራ፣ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብላ። ሶልያና ነበረች። የእሱ ሶልያና። ወፍጮ ቤት ሄዳለች የተባለችው ሶልያና። ምላጩ አገጩ ላይ ቆመ።

እንዳላማው የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ያውም የትናንት አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠመኔ አቧራ ሲውጥ ኖሯል። በደብረ ማርቆስ ከተማ ባጃጅ ከሚነዳው ጀምሮ ባንክ መስኮት ላይ እስከምትቀመጠው ድረስ «ቲቸር» ብሎ የማይጠራው የለም ማለት ይቻላል። ከእሱ እንግሊዝኛ መማር ያቃታት አንዲት ሰው ብትኖር የገዛ ልጁ ናት። ሶልያና ስምንተኛ ክፍል ናት። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በእንግሊዝኛ ሠላሳ ስምንት አመጣች፤ የክፍል ኃላፊዋም ካርዱን ለአባትየው ሲሰጡት ፈገግታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሥራ ሲመለስ የሳሎኑን ጠረጴዛ አጽድቶ፣ በገዛ እጁ የጻፈውን ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሊያስተምራት ሞከረ። ሠንጠረዡ መቼም ያምራል፤ ቅጽሎቹ በሰማያዊ፣ ማበላለጫዎቹ በአረንጓዴ፣ ከደንብ የወጡት በቀይ። ልጅቷ ግን እሱ ፊት ስትቀመጥ አንደበቷ ይታሰራል። «ጉድ?» ይላታል። ዝም። «ጉድ፣ ቤ...» ይላታል። ዝም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ይመታል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እሷ እንባዋን ደብተሯ ላይ ታንጠባጥባለች፤ ትምህርቱም በዚያው ያበቃል። አሁን ያቺው ልጅ ከማዶ ሆና ሰፈር እስኪሰማ ትጮኻለች። እንዳላማው ቅናት አያውቅም አይባልም፤ በባልደረቦቹ ዕድገት ቀንቷል፣ አዲስ አበባ በተዛወሩት ቀንቷል። እንዲህ ያለውን ግን ቀምሶት አያውቅም። ሆዱ ገብቶ እንደ ቤተኛ ተደላድሎ ተቀመጠ።

አረፋውን ሳይጠርግ ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ ወይዘሮ ታየች በሩ ላይ ቁጭ ብላ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ ፊቱን አየችና የሚለውን ቀድማ ያወቀች ይመስል ዓይኗን ወደ ምስሩ መለሰች።

«ሶልያና የት ነው የሄደችው ያልሽኝ?»

«ወፍጮ ቤት።»

«ወፍጮ ቤቱ መሪጌታ ግቢ ገባ እንዴ?»

«እህሉን አድርሳ ነው የሄደች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዐቢይ ጾም መግቢያ።»

እንዳላማው ቆጠረ። ግንቦት ገብቷል። ሦስት ወር ሙሉ እናትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር ሲበሉ ሲጠጡ፣ እሱ ፊት የእንግሊዝኛ ነገር ሲነሣ አንዷ ሌላዋን ሳታይ ኖረዋል ማለት ነው። ይህችው ታየች ናት ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷን በማለዳ ቀስቅሳ ፀጉሯን የምትሠራት። ለወፍጮ ቤት ፀጉር መሠራት ምን ያደርጋል ብሎ አለመጠየቁ አሁን አናደደው። «ቤቷ ውስጥ መምህር እያለ!» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አንሥታ ወደ ደጅ ወረወረች፤ ቀጥላም ሌላ ፈለገች። ዝምታዋ ከስድብ ይከፋል። ብትጮህበት ይጮህባት ነበር፤ ዝም ያለችን ሴት ግን ምን ይሏታል?

ከሁሉ የሚያበግነው ደግሞ መሪጌታ የኋላሸትን እንግሊዝኛ ያስጀመረው ራሱ መሆኑ ነው። መሪጌታ ከደምበጫ ወዲያ ሠላሳ ዓመት ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ከተማ ገብተው፣ የጎረቤቲቱን የኋላ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ለዓይናቸው ታክመው ሲመለሱ የመድኃኒት ማዘዣውን ይዘው እዚህ አጥር ሥር ቆሙ። «መምህር፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እጄ ገብቶ ያላነበብሁት ወረቀት ይህ ብቻ ነው፤ አፈርሁ» አሉ። እንዳላማው ሳቀ። ልባቸው ደስ ይበለው ብሎ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ የሰዋስው መጽሐፍ ሰጣቸው፤ አራት ወር ያህልም ቅዳሜ ቅዳሜ በአጥሩ ቀዳዳ እየጠየቁት መለሰላቸው። በኋላ ሰለቸውና ዛሬ ሥራ አለብኝ፣ ዛሬ ስብሰባ አለብኝ ማለት ጀመረ። መሪጌታም ገባቸውና መጠየቁን ተዉ። ብቻቸውን ግቢ ውስጥ እየተንጎራደዱ፣ እንግሊዝኛውን በግስ ዜማ እየወረዱ ቀጠሉ። የሰፈሩ ልጆች መጀመሪያ ሊስቁባቸው ተሰበሰቡ፤ ከዚያ አብረው ማለት ጀመሩ፤ ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ግንድ ላይ ተደርድረው መቀመጥ ጀመሩ። መሪጌታ ከማንም ገንዘብ አይቀበሉም። እንዳላማው ይህን ነገር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስንት ጊዜ ቀልድ አድርጎ አውርቶታል! ዜማውን እያስመሰለ «ጉድ ጥሩ» ሲል ባልደረቦቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

ጺሙን በችኮላ ጨርሶ፣ አገጩ ላይ ሁለት ቦታ ቆርጦ፣ ሽንኩርት ልግዛ ብሎ ወጣ። ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻለማ። ገበያው ከአምበር በኩል በመጡ ገበሬዎች ሞልቷል፤ ፈረሱ፣ ባጃጁ፣ የድንች ጆንያው ኮብልስቶኑን ዘግቶታል። ሽንኩርት ኪሎው መቶ ሃያ ገብቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት ቦታ ተዘዋውሮ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ በመጀመሪያይቱ ሻጭ ላይ ጮኸባትና መልሶ በጠራችው ዋጋ ገዛ። ሻጯ ራሷ ግራ ገባት። ሲመለስ ሻይ ቤት በር ላይ ይታያል የሚባለው የሒሳብ መምህር ጠራው። ይታያል ደግ ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም፤ እንዲህ ባለ ቀን ደግሞ ክፋት የሌለበት ሰው ነው የሚጎዳ።

«ቁጭ በል እንጂ! የጎረቤትህ የመሪጌታ ነገርስ? እኛ ለካ ስንስቅ ኖረናል» አለ ይታያል ሻይ አዝዞለት። «የእኛዋ ልጅ ሂዊ እዚያ መዋል ከጀመረች ወዲህ ቤቱን እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ አደረገችው። ጉድና ቤተር ለምን እንደማይመሳሰሉ እንዴት ብለው እንዳስረዷቸው ታውቃለህ?»

እንዳላማው አላውቅም ማለት አልፈለገም፤ ስኳሩን አማሰለ።

«እናቴ ያወጣችልኝ ስም የኋላሸት ነው አሏቸው። ክርስትና ስነሣ ወልደ ገብርኤል ተባልሁ። ነገ ብመነኩስ ደግሞ ቆቡን ሲደፉልኝ አባ ኃይለ ሚካኤል ይሉኛል። ሰውየው ያው እኔ ነኝ፤ ማዕረጌ ከፍ ባለ ቁጥር ስሜ ይለወጣል። ጉድ የእናቱ ቤት ስሙ፣ ቤተር የክርስትና ስሙ፣ ቤስት የምንኩስና ስሙ። እነ ታል ታለር ታለስት ደግሞ ስማቸውን ሳይለውጡ ጋቢ ላይ ጋቢ የሚደርቡ ናቸው አሏቸው። አየህልኝ! ሕፃን ልጅ ይህን ይረሳል?»

አይረሳም። እንዳላማውም አልረሳውም፤ ገና እንደሰማው እዚያው ጭንቅላቱ ውስጥ ተተክሎ ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እነዚህ ከደንብ ውጭ ናቸው፣ ምክንያት የላቸውም፣ ሸምድዱ» ሲል ኖሮ፣ ይህን የመሰለ ምሳሌ ከእሱ ራስ አለመውጣቱ እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለው። የእሱም ክርስትና ስም አለው፤ የአክስቱም ልጅ መንኩሷል፤ ነገሩ ሁሉ እጁ ላይ ነበር። ቅናቱ አሁን በልጁ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በምሳሌውም ሆነ። «አነጋገራቸው ግን ትክክል አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ፋር የሚለውን ሲያበላልጡ ሰምቼ አፍሬያለሁ። ፋርዘር፣ ፋርዘስ ነው የሚሉት፤ የመጨረሻዋን ት ይውጧታል።»

«ይሁና፤ ልጆቹ ግን አወቁት እኮ። አንተማ ብልህ ነህ፣ የራስህንም ልጅ ልከሃል። ሂዊ ነግራኛለች። ትንንሾቹን እየመራች የምታስቀጽላቸው ሶልያና ናት አሉ፤ እሷ ትላለች፣ እነሱ ይከተላሉ።»

እንዳላማው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ምሳ ላይ ሦስቱ ተቀመጡ። ምስሩ ወጥ ሆኖ መጥቷል። ሶልያና ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ ከወፍጮ ቤት የመጣች መስላ፣ አንገቷን ደፍታ ትበላለች። እንዳላማው ልጁን አየ፤ ትከሻዋ ሰፋ ብሏል፣ ጣቶቿ ረዝመዋል፤ መቼ እንዲህ እንዳደገች አላስተዋለም። ትንንሾቹን ታስቀጽላለች። እሱ ፊት አፏን የማትከፍት ልጅ! ቁጣና ናፍቆት አንድ ላይ መጡበት። ልጠይቃት፣ በለስላሳ ድምፅ ልጠይቃት፣ ምናልባት ትመልስልኝ ይሆናል ብሎ አሰበ። «ሶልያና፣ ባድ?» አላት። ለስላሳ አልሆነለትም። ድምፁ ከጉሮሮው ሲወጣ እንደ ክፍል ውስጡ ሆኖ ወጣ። የልጅቷ እጅ እንጀራው ላይ ቀረ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን የለውም። ግድግዳው ላይ ያለው ሠንጠረዥ በቀይ ቀለም ሁሉንም ጽፎ ከራሷ በላይ ተንጠልጥሏል፣ ቀና ብላ ብታነብ እንኳ ትችል ነበር፤ እሷ ግን ወጡን እንጂ ሌላ አታይም።

«ከማዶ ስትይው እኮ ሰማሁሽ» አለ።

እንባዋ ዱብ አለ። ታየች የጎረሰችውን ዋጠችና «ትብላበት» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ልጅቷ እጇን ታጥባ ወጣች። የውጭው በር ተከፍቶ ተዘጋ። ወዴት እንደሄደች ሁለቱም ያውቃሉ።

እንዳላማው ጓዳ ገብቶ ኮቱን አወጣ። ትምህርቱን አስዘጋዋለሁ፣ አለ ለራሱ። ዛሬውኑ ነው የማስዘጋው። ፈቃድ የላቸውም፣ ሥርዓተ ትምህርት የላቸውም፣ አነጋገሩን እያበላሹ ነው፤ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰኞ ጠዋት አንድ ቃል ጣል ማድረግ ይበቃል፤ ማንን ማነጋገር እንዳለበት ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ ግን ሄዶ ልጆቹ ፊት ስሕተታቸውን ይነግራቸዋል። ሶልያና ባለችበት። ማን መምህር እንደሆነ ትየው። ንግግሩን በኮት ቁልፎቹ ልክ እየደረደረ ግቢውን አቋረጠ፤ በሩን ሲከፍት መሪጌታ የኋላሸት ሊያንኳኩ እጃቸውን አንሥተው ደጁ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል፣ ጥምጥማቸውን አሳምረዋል፤ በአዘቦት ቀን የሚለብሱት አይደለም።

«ደኅና ዋሉ የኔታ» አሉና ጎንበስ አሉ።

እንዳላማው የሚያፌዙበት መስሎት ነበር። የኔታ የሚባለው የቤተ ክህነት መምህር ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ልጃቸው ሊሆን ይችላል። ፊታቸውን ሲያይ ግን ፌዝ አልነበረበትም።

«ይግቡ፣ መሪጌታ» አለ ቀዝቀዝ ብሎ።

«አልገባም። ጥፋተኛ ሰው ቆሞ ነው የሚናገር። ሁለት ጥፋት አለብኝ፣ የኔታ። የመጀመሪያው፣ ልጅዎን ሲያስተምሯት የነበሩ እርስዎ ኖረዋል፤ እኔ ደግሞ በፈቃድዎ የተላከች መስሎኝ ተቀበልኋት። ዛሬ ከምሳ በኋላ መጥታ እያለቀሰች እውነቱን ነገረችኝ። በእኛ ዘንድ ተማሪ መምህሩን ሳይሰናበት፣ መምህሩም መርቆ ሳይለቀው፣ ሌላ መምህር ወንበር ሥር አይቀመጥም። ተቀባዩም ቢሆን ሌባ ነው። ሦስት ወር የሰው ተማሪ ሰርቄያለሁ።»

እንዳላማው የደረደረው ንግግር ከአፉ ጠፋ። «ሁለተኛውስ?» አለ።

«ሁለተኛው የእኔው ነው። እንግሊዝኛን ያስጀመሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ግን ሳላስመሰክር፣ እርስዎ ሰምተው በቅቷል ሳይሉኝ፣ ወንበር ዘርግቼ ሰው አስተማርሁ። ይህን በቅኔ ቤቴ ያደረገ ተማሪ ቢኖርብኝ አባርረው ነበር። እንግዲህ ልጆቹን ጠብቁ ብያቸው መጥቻለሁ። ይምጡና ይስሙን። በቅቷል ካሉ ይመርቁኝ። አልበቃም፣ ዝጋ ካሉኝ፣ በአንገቴ ማተብ ዛሬውኑ እበትናቸዋለሁ። የመምህር ቃል ነው።»

እንዳላማው አሰበው። ሰኞ ድረስ መጠበቅ ቀረለት፤ ጽሕፈት ቤት መለማመጥ ቀረለት፤ አንድ ቃል ብቻ፣ ያውም ተለምኖ። ነገሩ ጣፈጠው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከአጥሩ ማዶ ያለው ያ ዜማ ዳግመኛ አይሰማም፤ ሶልያናም ወደ ጠረጴዛው ትመለሳለች፣ ወዴት ትሄዳለች? «እሰማለሁ» አለ። አንድ ስሕተት ይበቃኛል፣ አለ በልቡ።

የመሪጌታ ግቢ ጠባብ ነው። ከጥግ የውኃ በርሜል፣ ከበርሜሉ ጎን የጎረቤቲቱ የጎመን መደብ አለ፤ የባሕር ዛፍ ግንዶች ከሦስት ወገን ተጋድመዋል። አሥራ አራት ልጆች ተነሥተው ቆሙ። ሶልያና ከመጨረሻው ግንድ ጫፍ ላይ ናት፤ አባቷን ስታይ ወደ መሬት አየች። ግቢው ውስጥ ያለችው አንዲት ወንበር ናት፤ የመሪጌታ መቀመጫ። መሪጌታ ወንበሯን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው እንዳላማውን አስቀመጡትና እሳቸው ከእግሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ተያዩ። የእነሱ የኔታ ከሰው ሥር ሲቀመጡ አይተው አያውቁም።

እንዳላማው ጠየቀ። አንዱን በዜማ፣ አንዱን ያለ ዜማ፤ አንዱን ከላይ ወደ ታች፣ አንዱን ከታች ወደ ላይ። ያውቃሉ። የይታያል ልጅ ሂዊ «ማች፣ ሞር፣ ሞስት» ብላ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሠራችበት። በመጨረሻ አንድ ትንሽ ልጅ ጋ ሲደርስ ያ ሲጠብቀው የነበረው ስሕተት መጣ። «ፋር፣ ፋርዘር፣ ፋርዘስ።» እንዳላማው ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረውም። «ፋርዘስት! ት አለው! ት!» ብሎ ጮኸ። ይህን የሰሙ መሪጌታ ከድንጋዩ ተነሡ፤ ፊታቸው በደስታ በርቷል። «ሰማችሁ? ይኸው! እኔ ነኝ ያሳሳትኋችሁ። ሃምሳ ዓመት ግእዝ የለመደ ምላስ ነው፤ ምን ላርገው። በሉ ከየኔታ ተቀበሉ!» አሉና ራሳቸው አብረው ሦስት ጊዜ «ፋርዘስት፣ ፋርዘስት፣ ፋርዘስት» አሉ። ወደ እንዳላማውም ዞረው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። የያዛትን አንዲት ስሕተት እንኳ ወስደው ምስጋና አደረጉበት። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ?

«አሁን ሶልያና» አሉ መሪጌታ። «እምቢተኞቹን በሙሉ በይልን።» እምቢተኞች የሚሏቸው ለደንብ የማይገዙትን ቃላት ነው።

ልጅቷ ተነሥታ መሐል ላይ ቆመች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። አባቷን አየችው፤ እሱም አያት። ቅንድቡ እንደተሰበሰበ ይታወቀዋል፤ ሊፈታው ሞከረ። ፈገግ ለማለት ከንፈሩን ገለጠ፤ የባሰ ነገር ሆነ መሰለው፣ ልጅቷ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ምንም የለም። አንድ ልጅ ሳቀ፣ ሌላው በክርኑ ጎሰመው። እንዳላማው በየቀኑ ጠረጴዛው ላይ የሚያውቀውን ዝምታ እዚህ ልጆቹ ሁሉ እያዩት ሲያገኘው ደነገጠ። ልጅቷ ሰንፋ አይደለም። ረስታም አይደለም። ጠዋት በገዛ ጆሮው ሰምቷታል። ከጠዋቱና ከአሁኑ የተለየ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱ አለ።

መሪጌታ ጠጋ ብለው ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ። «የኔታ፣ እኔን ቅኔ ያስተማሩኝ መምህር ዓይነ ሥውር ነበሩ። አንድም ቀን ፊቴን አላዩትም፤ እኔም ሲቆጡ ፊታቸውን አላየሁም፣ ወደ ዋርካው ዞረው ነበር የሚሰሙን። ለዚያ ነው መሰለኝ ደፍሬ የተናገርሁ። እስቲ ፊትዎን ወደ አጥሩ ያዙሩላት።»

እንዳላማው ደሙ ወደ ጆሮው ወጣ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም ፊትህን አዙር ብሎት አያውቅም። ተነሥቶ ልሂድ አለ፣ ዝጉት ልበልና ልሂድ አለ፤ ቃሉ አፉ ላይ ነበር። ግን ደግሞ ሊሰማት ፈለገ። ከማዶ ሰርቆ የሰማውን ለእሱ ተብሎ ሲባል ሊሰማው ፈለገ። ወንበሩን አንሥቶ አዞረና ልጆቹን በጀርባው አድርጎ ተቀመጠ። ከፊቱ ቆርቆሮ ብቻ አለ፤ ዝገት የበላው፣ በአሮጌ ሚስማር የተበሳሳ። በአንዱ ቀዳዳ የገዛ ግቢው ታየው። ከወዲያ በኩል የሚስቱ የታየች ቀሚስ አለ፣ አይንቀሳቀስም፤ ጆሮዋን አጥሩ ላይ ለጥፋ ቆማለች።

ከኋላው ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ጉድ ጥሩ፣ ቤተር የተሻለ፣ ቤስት ከሁሉ የተሻለ» አለች ሶልያና። መጀመሪያ ቀጠን ብላ ወጣች፤ ከዚያ ዜማው ያዛት። «ባድ መጥፎ፣ ዎርስ የባሰ፣ ዎርስት ከሁሉ የባሰ። ሊትል ጥቂት፣ ሌስ ያነሰ፣ ሊስት ከሁሉ ያነሰ።» ድምፅዋ እንዲህ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ የእናቱን ድምፅ ይመስላል፣ መጨረሻው ላይ ሳብ ይላል። አንድም ቦታ አልቆመችም። ፋርዘስት ላይ ስትደርስ ት-ዋን አጥብቃ ተናገረቻት፤ አሁን ከእሱ የሰማችው ናት፤ እንዳላማው ዓይኑ ሞላ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ውስጥ ለልጁ የደረሰቻት አንዲት ት ናት። ያም ሆኖ ቅናቱ አልለቀቀውም። እዚያው ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ አብሮ ይሰማል፤ ይህን ለሌላ ሰው ነበር የምትለው፣ በየቅዳሜው፣ ፊቱን እያየች፣ እየሳቀች ይለዋል።

ጨረሰች። መሪጌታ ከኋላው ቆመው ጎንበስ ሲሉ የነጠላቸው ድምፅ ተሰማው። «እንግዲህ የኔታ፣ ይብቃ ነው፣ ይቀጥል?»

ዞሮ ሊያያት ፈለገ። ቃላቱን ስትል የነበራትን ፊት፣ ገና ትኩስ ሳለ። አንገቱን ሊያዞር ጀመረ፤ ከኋላው የልጅቷ ጫማ ጠጠሩ ላይ ሸርተት ብሎ ወደ ኋላ ሲል ሰማ። አንገቱን ወደ ቆርቆሮው መለሰ።

«ይቀጥል» አለ። «ልጅቷንም ለቅቄልዎታለሁ። ያስተምሯት።» እጁን አነሣ፤ መመረቅ እንዴት እንደሆነ አያውቅበትም፣ እጁን ወዴት እንደሚያደርገውም አላወቀም፣ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «ያሳድግልኝ» አለ።

«አሜን» አሉ መሪጌታ፤ ልጆቹም «አሜን» አሉ።

«ሶልያና» አለ ከዚያ።

«አቤት አባዬ።»

«ከጉድ ጀምሪና አንዴ ድገሚልኝ። እኔ አልዞርም።»